የማማው መብራት

ጠዋት ሱቁን ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። የብረቱን መዝጊያ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ እንደ ልማዱ ግማሽ ላይ ሲነክስባት በትከሻዋ ትደግፈዋለች፤ ይለቃል። ከዚያ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ መጥረጊያ ሳታነሳ፣ ጥግ ያለውን ኮምፒውተር ትከፍታለች። ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ ሲነሳ ያቃስታል። እስኪነሳ ቆማ ትጠብቀዋለች።

ስክሪኑ ላይ ባሕር ይመጣል። ከባሕሩ መሃል አንዲት ትንሽ ደሴት አለች፤ ደሴቷ ላይ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት፣ ጥቂት ዛፎች፣ ከእንጨት የተሠራ ወደብ፣ ከወደቡ በላይ ደግሞ ረጅም የመብራት ማማ። ማማው ይበራል። እንዲበራ ግን በየቀኑ ዘይት ይፈልጋል፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ይጠፋል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ሆን ብለው ነው እንዲህ ያደረጉት፣ ሰው በየቀኑ እንዲመለስ። እሷም በየቀኑ ተመልሳለች። በእረፍት ቀን፣ በበዓል ቀን፣ ትኩሳት ይዟት ብርድ ልብስ ተከናንባ እንኳ መጥታ ዘይቱን ቀድታ ሄዳለች።

ወደቡ ላይ አንድ ሰው ተኝቷል። ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። በዚህ ጌም ውስጥ ባለቤቱ ሲወጣ ሰውየው ባለበት ጋደም ይላል፤ ባለቤቱ ሲመለስ ይነሳል። ይህኛው ከተኛ ዓመታት አልፈዋል።

«አሁንም ለዚያ ለሙት ዘይት ትቀጃለሽ?» አለ ታላቅ ወንድሟ ከኋላዋ ገብቶ። ከፊት ለፊት፣ በሩ አጠገብ፣ ስልክ የሚጠግንባት ጠባብ ጠረጴዛ አለችው። «እቤት ዘይት ሲያልቅ ሳምንት ሙሉ ዝም ትያለሽ። እዚህ ግን አንድ ቀን አታሳልፊም።»

«እቤት የሚያስታውስ ሰው አለ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ እንደሚዘጋ አይተሻል አይደል?»

አይታለች። ማስታወቂያው ስክሪኑ ላይ ከወጣ ሰንብቷል። ተጫዋቾች ወደ ስልክ ስለተሸጋገሩ የኮምፒውተሩ ‹ደሴት› ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለዘለቄታው ይዘጋል ይላል።

«እንግዲህ እሺ ካልሽ ነገ ያ ልግዛችሁ ያለን ሰው መጥቶ ኮምፒውተሮቹን ይጫናቸው» አለ ወንድሟ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስልክ ከፍቶ ውስጡን ሲያይ በሚያሳየው ዓይነት ጥንቃቄ፣ «ያ የማዶው ልጅ መጥቷል መሰለኝ። እናቱ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸውን ከተሰበሩ ወዲህ እሱ ነው አሉ የሚያነሳቸው።»

«ሰማሁ» አለች። የቀዳችውን ዘይት ማማው እስኪጠጣው ዓይኗን ከስክሪኑ ላይ አላነሳችም።

አባታቸው ሲሞቱ መንገድ ዳር ያለውን ይህን ክፍል የጌም ቤት ያደረገው ወንድሟ ነበር። ያኔ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት የጌም ማሽንና አራት ጆይስቲክ ነበራቸው፤ ከአራቱ የአንደኛው ቁልፍ ይጣበቅ ስለነበር በሱ የሚጫወተው ዘግይቶ የመጣ ሰው ብቻ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚህ ነበር። አግዳሚው ላይ ተጣብበው ይቀመጣሉ፤ ግብ የገባበት የጎረቤቱን ጭን በቡጢ ይመታል፤ የተሸነፈ ይነሳና አሸናፊውን ከኋላው ቆሞ እየሰደበ ተራውን ይጠብቃል። ጌም ያኔ የሌላ ሰው ክርን ጎንህን እየወጋህ የምትጫወተው ነገር ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ቴሌቪዥኖቹ ጓዳ ገቡ። አግዳሚው ተነስቶ ለየራስ ወንበርና የጆሮ ማዳመጫ ተገዛ። ክፍሉ እንደ በፊቱ ይሞላ ነበር፤ ነገር ግን ጎን ለጎን የተቀመጡት ልጆች የሚሳደቡት አይተውት ከማያውቁት ሩቅ ሰው ጋር ሆነ። በሩ ላይ ተቀምጣ ስታያቸው ጀርባቸውን ብቻ ነበር የምታየው። ከዚያ ስልክ መጣና ጀርባቸውም ቀረ። ማንም መጥቶ አልተሰናበታትም። አንዱ ለጥቂት ቀን ጠፋ፤ ሌላው መጥቶ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ ኮምፒውተሩን ሳይነካ በስልኩ ሲጫወት ውሎ፣ «እትዬ፣ ደህና ዋይ» ብሎ ሄደ። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ማን ምን እንደሚጫወት አታውቅም። ሁሉም በየአልጋው ላይ ነው።

እሱ የመጣው በቴሌቪዥኑ ዘመን ነበር።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከጌም ቤቱ ትይዩ፣ ከፍ ያለ ግንብና ጥቁር የብረት በር ያለው ቤት አለ፤ የዶክተሯ ቤት። ዶክተሯ ባላቸውን በጊዜ አጥተው አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጁ ጌም ቤት እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ ስለዚህ ይገባ ነበር። ዘበኛው ሊጠራው በሩ ላይ ብቅ ሲል ጨዋታውን በአንድ ቁልፍ ቀጥ ያደርግና «ፖዝ ነው! እንዳትነኩት!» ብሎ ይሮጣል። ስሙ በዚያው ቀረ። ፖዝ ተባለ።

«አንቺ ልጅ፣ ልቀቂልን እንጂ! እሱን እኮ እናቱ አጥባ አስተኝታዋለች!» እያሉ ልጆቹ ይጮሁባታል። እሷ ግን ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አድርጋ አትለቅም። ኳሷ አየር ላይ ቆማለች፤ ተጫዋቾቹ እግራቸውን አንስተው ይጠብቃሉ፤ እሷም ትጠብቃለች። አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም። እሱ ደግሞ ለሷ «በረኛ» የሚል ስም አወጣላት፤ ስትጫወት ወደፊት መሄድ ስለማትወድ፣ ግቧን ብቻ ስለምትጠብቅ።

አደጉ። እሱ የመንገድ ምሕንድስና ሊማር ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እሷ በሩ ላይ ቀረች። መልእክት ይጻጻፉ ነበር፤ አንድ ቀን ዶክተሯ በልጃቸው ስልክ ላይ አንዱን መልእክት አነበቡና መንገዱን ተሻግረው መጡ። ነጭ ጋዋናቸውን አላወለቁም ነበር። ደፉ ላይ ቆሙ እንጂ ወደ ውስጥ አልገቡም።

«ልጄ፣ አልጠላሽም» አሏት። «ማንም አይጠላሽም። እሱ ግን የሚሄድበት አለው፤ አንቺ ደግሞ ከዚህ በር አትነሺም። እንዳትደውይለት። እንዳትጽፊለት። ቃልሽን ስጪኝ።»

«አልደውልም፣ ዶክተር» አለች። «አልጽፍም።»

ቃሏን ጠበቀች። ቃሉ ግን ስለ ‹ደሴት› ጌም ምንም አላለም። እሱ ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር፣ እሷ ከዚህ ጥግ እየገቡ ቀዩን ቤት ሠሩ፣ ዛፎቹን ተከሉ፣ ወደቡን ዘረጉ። ሳይነጋገሩ አብረው ይሠሩ ነበር። ማማውንም አቆሙት። አብርተውት ግን አያውቁም፤ በየቀኑ ዘይት ይፈልጋልና ማንኛቸውም በየቀኑ እመጣለሁ ለማለት አልደፈሩም።

ትምህርቱን የጨረሰ ጊዜ መጥቶ እዚህ ጥግ አጠገቧ ተቀመጠ። «ሥራ አግኝቻለሁ። ሩቅ ነው፤ ገና መንገድ የሚወጣበት አገር» አላት። «ካምፑ ዝግጁ ሲሆን አብረሽኝ ትኖሪያለሽ?»

ወንድሟን አሰበች፣ ሱቁን አሰበች፣ በመንገዱ ማዶ ያለውን ጥቁር በር አሰበች።

«አሁን አትመልሺልኝ» አለ ፈራ ብሎ። «እሺ ከሆነ ማማውን አብሪው። ካልሆነ ተይው። አልጠይቅሽም፤ ይገባኛል።»

በሄደ በሳምንቱ አበራችው። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው ሰው ግን ከወደቡ ላይ አልተነሳም። በማግስቱም አልተነሳም። በዓመት አንዴ ሁለቴ እናቱን ሊያይ ሲመጣ የመኪናውን ድምፅ ታውቃለች፤ ጥቁሩ በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኗን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ተክላ ትቆያለች።

ወንድሟ ዕቃ ሊገዛ እንደወጣ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ብርሃኑን ጋረደባት። ሳታይ አወቀችው። ስታይ ግን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ፀሐይ አክስሎታል። ጸጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። ድሮ በሩን ሲያልፍ ጎንበስ አይልም ነበር፤ አሁን ጎንበስ አለ፤ ከቁመቱ ይልቅ የእፍረት ይመስል ነበር።

«ወንድምሽ የለም?»

«ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል።»

«ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ብሎኝ።»

«ወዲህ በለው።»

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የተባባሉት ይህንን ነው። ስልኩን ተቀብላ የወንድሟ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች። መብራቱን አቀረበች፤ የቻርጅ ቀዳዳውን በመርፌ ጫፍ ጫር ጫር አደረገችው። ቀይ አፈር እየተፈረፈረ ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

«አገሩን በሙሉ ይዘኸው ነው የመጣኸው» አለች ቀና ሳትል።

«ሥራዬ ነው።»

«መንገድ መሥራት ነው ወይስ አፈር መሰብሰብ?»

ሳቀ። ሳቁ አላረጀም፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ጎዳት።

«ዶክተር እንዴት ናቸው?»

«ድሮ ቆማ ታዝ ነበር፤ አሁን ተኝታ ታዛለች። ሌላ ለውጥ የለም።» ክፍሉን ዞር ብሎ አየ። ባዶ ወንበሮቹን፣ አቧራ የለበሱትን የጆሮ ማዳመጫዎች። «ልጆቹ ወዴት ሄዱ?»

«አልሄዱም። እቤታቸው ናቸው።»

ቀዳዳውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጋ ቻርጀር ሰካችበት። ስልኩ ትንሽ ቆይቶ ነቃ። የመጨረሻ የተከፈተው ነገር ራሱ ተመልሶ መጣ። ባሕር ነበር። ከባሕሩ መሃል ትንሽ ደሴት።

እጁን ፈጥኖ ዘረጋ፤ እሷ ግን ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም። ማታ ማታ ከድካም...»

«አንተ አይደለህ እንዴ ስልክ ላይ ጌም መጫወት ሰርግን በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው ያልከው? እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ? ልጆቹን እስኪያለቅሱ አልሰደብካቸውም?»

«ድንኳን ውስጥ ምን ኮምፒውተር አለ፣ በረኛ?»

በዚያ ስም ከተጠራች ቆይቷል። ስክሪኑን ተጠግታ አየችው። ወደቡ አለ። ዛፎች አሉ፤ ግን የተተከሉበት ቦታ ሌላ ነው። ቤቱ ትንሽ ነው፣ አንድ ሰው የሠራው ቤት፤ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አለ። ከወደቡ በላይ ማማው ቆሟል።

«ማማው ጨለማ ነው» አለች።

«አንቺ ነሻ ያላበራሽው።»

ቁጣ የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ብቻውን ሲለው የኖረው ነገር ስለሆነ ጫፉ አልቆ ነበር። ከዚያ ግን ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

«እሺ፣ አልፈልግም ማለት መብትሽ ነው። ተይው ብዬሽ ነበር፤ መተው ይበቃ ነበር። ቤቱን ለምን አፈረስሽው? ዛፎቹ ምን አድርገውሽ ነው የነቀልሻቸው? ካምፕ ደርሼ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጣሁ። በስሜ ገባሁ። ስደርስ ባዶ አሸዋ ነው። አንዲት እንጨት አላስቀረሽልኝም! እንዲህ የምትጠላኝ ከሆነ ብዬ... መልሱ ይሄ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብዬ እንደገና ሠራሁት። ምን ላድርግ?»

እጇ ላይ ያለውን ብሩሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ነገሩ የገባት እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ መጀመሪያ እግሯን፣ ከዚያ ጉልበቷን፣ ከዚያ ደረቷን። የጌም ቤት ሴት ናት፤ ማንኛውም ልጅ ቢጠይቃት በእንቅልፍ ልቧ ትመልስለት ነበር። ግን ይህ ልጅ ስልክ ላይ እንደማይጫወት ምሎ ነበር፤ እሷም መሐላውን አምና ነበር።

ተነስታ ወደ ጥጉ ሄደች። የኮምፒውተሩን ስክሪን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እሱ አዞረችው።

ማማው ይበራ ነበር። ቢጫው ብርሃን ባሕሩ ላይ ይዞራል፤ ዛፎቹ አድገው የቀዩን ቤት ጣሪያ አልፈዋል። ወደቡ ላይ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ሰው ተኝቷል። ብርድ ልብስ ለብሷል። ከራስጌው ጃንጥላ ተተክሏል።

«ይሄ... እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ። ዝናብ ሲመታህ ደስ አላለኝም።»

«በረኛ...»

«የስልኩ ጌምና የኮምፒውተሩ አይተያዩም» አለች። ድምፅዋ ለደንበኛ እንደምታስረዳ ዓይነት ነበር፤ ሌላ ድምፅ አላገኘችም። «ስሙ አንድ ነው። ባሕሩም አንድ ይመስላል። ግን በስልክ የገባ የኮምፒውተሩን አያይም። ባዶ አሸዋ ይሰጠዋል። አዲስ ሰው ነው ብሎ ነው የሚቆጥረው።»

ቀስ ብሎ የልጆቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«መቼ አበራሽው?»

«በሄድክ በሳምንቱ።»

«እስከ መቼ?»

«ዛሬ ጠዋትም ቀድቻለሁ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የጥፍሮቹ ሥር ቀይ አፈር አለ። እንዲህ አንገቱን ደፍቶ አይታው አታውቅም፤ ሲሸነፍ እንኳ እየሳቀ ነበር የሚነሳው።

«ለምን አልደወልሽልኝም?» አለ ከእጁ ውስጥ።

«ለእናትህ ቃል ሰጥቻለሁ። አንተስ ይህንን በር አታውቀውም? መኪናህ ስትመጣ እሰማ ነበር።»

«መስታወቱን ዝቅ ላደርግ እጄ ቁልፉ ላይ ይሆናል። ቀና ብትል አደርገዋለሁ እላለሁ።»

«እኔም መስታወቱ ዝቅ ቢል ቀና እላለሁ እያልኩ ነበር።»

ሁለቱም አልሳቁም። ውጭ አንድ መኪና አለፈ። እሱ ከኮረብታ ላይ ጨለማ ማማ ሲያይ፣ እሷ ከዚህ ጥግ የተኛ ሰው ስታይ፣ ለካ ሁለቱም በየቀኑ አንድ የሚመስል ባሕር እያዩ ነበር። ለባከነው ጊዜ ለማዘን እንኳ ከየት እንደሚጀመር አላወቀችም።

በዚህ መሃል ዘበኛው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ያው የድሮው ዘበኛ ናቸው፤ ጎብጠዋል፣ ኮፍያቸው ግን ያው ነው።

«ኢንጂነር፣ ዶክተር ይጠሩሃል። ትራሱን ከፍ ያድርግልኝ ይላሉ።»

እጇ ሳታዘው ተንቀሳቀሰ። የሌለውን ጆይስቲክ ጭኗ ላይ ለመያዝ የተዘረጋ እጅ ነበር። አየችውና አፈረች። አሁን ይነሳል፤ እንዳትነኩት ይልና ይሮጣል፤ እሷም ትጠብቃለች። ሌላ የምታውቀው ነገር የላትም።

«አባባ» አለ ፖዝ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ትራሱን ዛሬ እርስዎ ከፍ ያድርጉላቸው። ቆይቶ ይመጣል በሉልኝ።»

«ቆይቶ?» አሉ ዘበኛው፤ ቃሉን ከዚህ ልጅ አፍ ሰምተውት ስለማያውቁ።

«ቆይቶ።»

ዘበኛው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። «እንግዲህ እኔ ትራስ ስይዝ እጄ ሻካራ ነው ይላሉ» ብለው እያጉረመረሙ ተመለሱ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶ ነበር። ሌላ ወንበር ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች። «የይለፍ ቃልህን ታስታውሳለህ?» አለችው። ሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ጻፈው። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው ሰው ብርድ ልብሱን ገፎ ቀስ ብሎ ተነሳ። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮት ተነሳ። ይህን ለማየት ስንት ጠዋት ቆማ ጠብቃ ነበር፤ አሁን ሲሆን ግን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አልቆመም። አጠገቧ የሚተነፍሰውን ሰው ትሰማ ነበር። ክርኑ ክርኗን ነካው፤ እንደ አግዳሚው ዘመን። ማንኛቸውም አላነሱትም።

ሁለቱ ትንንሽ ሰዎች ዛፎቹን አልፈው ወደ ማማው ወጡ። ከላይ ሆነው ባሕሩን ሲያዩ ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ያህል በላያቸው ላይ ዞረ። ከዚያ ባሕሩ ቀጥ አለ። ማዕበሉ ተነስቶ ሳይወድቅ ቆመ፤ ስክሪኑ ግራጫ ሆነ፣ አንዲት የምስጋና መስመርም ብቅ አለች። ክፍሉ ውስጥ ያን ያህል ብርሃን ከዚያ ይመጣ እንደነበር እስከ ዛሬ አላስተዋለችም ነበር።

«በረኛ» አለ በጣም ቀስ ብሎ። «አሁን በአፍሽ ንገሪኝ።»

አፏን ከፈተች። ቃሉ አንድ ነው፣ አጭር ነው፣ በየጠዋቱ በዘይት ስትለው ኖራለች። አልወጣላትም።

«እሺ ያለችው ልጅ ሌላ ነበረች» አለች በመጨረሻ። «ደፋር ነበረች። ወንድሟንም ሱቁንም ትታ ልትሄድ ቆርጣ ነበር። እኔ መብራቷን እየጠበቅኩላት አረጀሁ እንጂ እሷን አይደለሁም። አንተም የጠየቃትን ልጅ አይደለህም። ስትገባ እንኳ ጎንበስ ብለህ ነው የገባኸው።»

«እንግዲያው መልሱ እንቢ ነው።»

«እንቢ አላልኩም! እንቢ ማለት እችል ቢሆን ኖሮ በየጠዋቱ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ተሰበረም። «ጥያቄው አርጅቷል ነው የምልህ። ካምፕ፣ ድንኳን፣ አብረሽኝ ነይ፤ የዚያን ጊዜ ጥያቄ ነው። የዛሬ ጥያቄ ካለህ የዛሬዋን ሴት ጠይቃት። በስልክ አይደለም። በዘይት፣ በመብራት አይደለም። እናትህ እያዩህ በሩን ከፍተህ፣ ይችን መንገድ ተሻግረህ ና። መንገድ መሥራት ሥራዬ ነው ስትል አልነበረም?»

«አሁን ብጠይቅሽስ?»

«አሁን የምትጠይቀኝ ላለፈው ጊዜ እያዘንክ ነው። እደርበት።»

ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ጠራችው። «ፖዝ!» ስልኩን ከቻርጀሩ ነቅላ ዘረጋችለት።

«ይሙላ፣ ተይው።»

«ያዘው። ለስልክህ ብለህ እንዳትመጣ።»

ተቀበላት። ጣቶቻቸው ከሚገባው በላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ጥቁሩ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማች፤ ዓይኗ ግን ዛሬ ቁልፎቹ ላይ አልነበረም። በሩን ቀጥ ብላ ስታየው ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት መዝጊያው ግማሽ ላይ ነከሰባት፤ በትከሻዋ ደገፈችው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጥጉ ጋ ሄዳ ቆመች። እጇ ቁልፉ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ያስታወሰችው። ዘይት የሚፈልግ ነገር የለም። የተኛ ሰው የለም። ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት፣ በትኩሳት የሚያስነሳት ነገር በአንድ ቀን ከዓለም ጠፍቷል፤ ማንም ግን አልሞተምና ማልቀስም አይቻል። መጥረጊያውን አነሳች። ወለሉን ጠርጋ ስትጨርስ ገና ማለዳ ነበር። ጠዋት እንዲህ ረጅም መሆኑን አታውቅም ነበር።

ጓዳ ገባች። ከካርቶኖቹ ሥር አሮጌውን ቴሌቪዥን ጎትታ አወጣች፤ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። የጌም ማሽኑም አለ። ከአራቱ ጆይስቲኮች የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ያ ቁልፉ የሚጣበቀው ነው። አግዳሚውን ብቻዋን ገፍታ ከቴሌቪዥኑ ፊት አደረገችው።

ወንድሟ ገብቶ አያት። የሚቀልድ መስሏት ነበር። «ገዢውን ከሰዓት ና ልበለው እንዴ?» አለ ብቻ፤ መልስ ሳይጠብቅም ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ጀርባውን ሰጣት።

ጨዋታውን ከፈተች። ሁለቱ ቡድኖች መሃል ሜዳ ላይ ተሰለፉ። ዳኛው ሊነፋ ሲል አቆመችው። ደህናውን ጆይስቲክ ከጎኗ ባዶው ቦታ ላይ አስቀምጣ፣ የሚጣበቀውን ራሷ ያዘች።

ከመንገዱ ማዶ የብረት በር ተንቋቋ።

ዘበኛው ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ይሆናል። ነርሷ መጥታ ይሆናል። ቀና ብላ ማየት ትችል ነበር። ግን እስክታይ ድረስ፣ በዚህች አጭር ጊዜ፣ እርምጃው የማን እንደሆነ እስኪለይ፣ ልቧ ዓመታት ሙሉ ረስቶት የነበረውን ነገር ያደርግ ነበር፤ እንደ ፈራ፣ እንደ ሳቀ፣ እንደዚያች ደፋር ልጅ ልብ ይመታ ነበር። አንገቷን አላነሳችም። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ቀጥ ያለችውን ኳስ እያየች አዳመጠች።